የተዋሰ የሬሳ ሳጥን

ኮይ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠበቅበት አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር እናቱን በደህና ሳንቃ መቅበር ነበር። አባቱ ሊሞት ሲል የጠየቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ስለ እርሻው አላነሳም፤ ስለ ጎሹም አላነሳም። «እናትህን በምንጣፍ ጠቅልለህ እንዳትቀብራት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኮይም እሺ አለ።

እናቱ ዛን ስልሳ ዓመት ሲሞላት ቃሉን ለመፈጸም ተነሳ። በዚያ በማ ወንዝ ዳር ባለው መንደር ወግ፣ ጨዋ ልጅ የወላጁን የሬሳ ሳጥን የሚያሠራው ወላጁ በሕይወት ሳለ ነው። ኮይ ሁለት አሳማ ሸጦ ከላይ ከተራራው በወንዝ ተንሳፍፎ የሚወርደውን፣ ምስጥ የማይበላውን፣ ልቡ ቢጫ የሆነውን እንጨት ገዛ። አናጺው ያለ ምስማር ገጣጥሞ ሠራው፤ ቀይ ቀለምም ተቀባ። ጎረቤት ሊያየው መጣ። እናቱ ጫማዋን አውልቃ ገባችበት፣ ተጋደመች፣ ጥቂት ቆይታ ተነሳች።

«ጥሩ ነው» አለች። «ነፋስ አያስገባም።»

ሳጥኑ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ባዶ የሬሳ ሳጥን ሰው ይጠራል ስለሚባል ያልተፈተገ ሩዝ ሞሉበት። ከዚያ በኋላ የቀራት መሞት ብቻ ነበር። አልሞተችም።

ታላቅ ረሃብ በገባበት ዓመት ፈረንሳዮቹ አልበቃ ብለው ጃፓኖችም አገሩ ውስጥ ነበሩ፤ የእነሱ ሩዝ ሰብሳቢዎች የተደበቀ ሩዝ ፍለጋ የብረት ዘንግ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ጣራውንም ወለሉንም ይወጉ ነበር። ከወዲያኛው ቤት የሚኖረው ዓሣ አጥማጁ ቲየን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ መሞት አለብዎት።»

«ዛሬውኑ?»

«ከጎረቤት መንደር ደርሰዋል። የሞተ ሰው ሳጥን አይከፍቱም።»

«እሺ» አለች። «ጎመኑን ውሃ ላጠጣና።»

ሳጥኑን ቤቱ መሐል አኖሩት። ኮይና ታናሽ ወንድሙ ሉክ፣ የኮይም ሚስት ኛይ፣ የሐዘን ነጭ ጨርቅ ራሳቸው ላይ አሰሩ። እናቱ ፊቷን ጭቃ ቀብታ ከአልቃሾቹ መሐል ተቀመጠች። ሰብሳቢዎቹ ሲገቡ ከሁሉ አብልጣ ስታለቅስ የነበረችው እሷ ናት። አንደኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና «የሟቿ ምኗ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ጎረቤቷ ነኝ» አለች። «ጥሩ ሴት ነበረች። ትንሽ ምላሷ ይበዛል እንጂ።»

ሰዎቹ ሳይከፍቱ ወጡ። ያን ሩዝ እስከ መኸሩ ድረስ ሳይጠግቡም ሳይሞቱም በሉት፤ ከቲየን ቤትም ጋር ተካፈሉት። ሌላው የመንደሩ ቤት ብዙ ሰው አጣ። የሞተው ሁሉ በምንጣፍ ተጠቅልሎ ሄደ፤ ሳጥኑ ሩዝ ስለያዘ ለማንም አልተሰጠም። ይህ ነገር በእነ ኮይ ቤት አይወራም።

በዚያው ዓመት ጃፓኖች ተሸነፉ፣ ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ነፃ ወጣችሁ ተባለ። ቲየንም ዓሣ ማጥመዱን ትቶ የመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ብርድ ሲገባ ግን ሃኖይ ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ ፈረንሳዮች ተመልሰው ሊይዙን ነውና እንዳይሰፍሩበት የጡብ ቤት ሁሉ ይፍረስ የሚል ትእዛዝ ደረሰ። በመንደሩ ካሉት ጥቂት የጡብ ቤቶች አንዱ ኮይ ከአባቱ የወረሰው ነው። መዶሻውን ራሱ አነሳ። ሳጥኑን ወደ ግቢ አወጡት፤ እናቱም ላዩ ላይ ተቀምጣ ሥራውን ትመራ ጀመር።

«ቀስ በል! ጡቡን ትሰብረዋለህ!»

«እማዬ፣ እየሰበርኩት እኮ ነው።»

«ቢሆንም ቀስ በል። አባትህ ነው ያስገነባው።»

ቤቱ እስከ መሠረቱ ፈረሰ። የሣር ጎጆ ሠርተው ሳጥኑን አስገቡ፤ ለእሱ ቦታ ሲባል የኮይና የኛይ አልጋ በር ላይ ሆነ። ፈረንሳዮቹ በዚያ መንደር በኩል አልመጡም፤ በኋላም አልመጡም።

ሉክ ፈረንሳዮቹን ለሚወጋው ጦር ተመዘገበ። ዘፈን የሚወድ፣ ሥራ ላይ ብዙም የማይበረታ ልጅ ነበር፤ እናቱ ሲሄድ የሩዝ ቂጣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መኸር ሊሰበሰብ ሲል፣ ቲየን በቆርቆሮ ጡሩምባው እየጮኸ መንደሩን ዞረ። በሰሜን፣ በቻይና ድንበር ያሉት የፈረንሳይ ምሽጎች ተራ በተራ ወደቁ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ እስከ ዛሬ የምንሸሸው እኛ ነበርን፣ ከእንግዲህ የሚሸሹት እነሱ ናቸው አለ። መንደሩ ከበሮ መታ። እናቱ ከበሮውን ሰምታ ወጣችና ቲየንን «ሉክስ?» አለችው።

«ስሙ አልመጣም፣ እማማ። የመጣው የድሉ ወሬ ነው።»

ስሙ የመጣው የብርዱ ወራት ሲያልቅ፣ በአንድ አንካሳ ወታደር አፍ ነው። ወታደሩ ወደ ቤቱ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ሻይ ጠጣና፣ ሉክ አንድ ኮረብታ ላይ ባለው ምሽግ ሥር ከሌሎች ጋር መሞቱን፣ እዚያው አብረው መቀበራቸውን ነገራቸው። የሞተበትን ቀን አላወቀም። ሁለት ቀን ነበር ውጊያው፤ በየትኛው እንደሆነ ማን ልብ አለ? ለሙት በየዓመቱ ምግብ የሚቀርበው በሞተበት ቀን ነው፤ ቀኑ ካልታወቀ ከቤት የወጣበት ቀን ይያዛል። እናቱ ሉክ ቂጣውን ይዞ የወጣበትን ቀን ያዘች።

ከዚያ ወዲህ «ሳጥኔ» ማለት ተወች። «ሳጥኑ» ትላለች። ያለበትን ሩዝ ወደ እንስራ ገለበጠች፣ ውስጡን በጨርቅ ወለወለች፣ የሉክን አሮጌ ሸሚዝ አጥፋ ከታች አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ባዶ ይሁን እንዴ?» አለች ኛይ።

«ባዶ አይደለም። ሸሚዝ አለበት። ጦርነቱ ሲያልቅ አጥንቱን ስናመጣው በምን ልናገባው ነው?»

ኮይ ሰማ። ከእንግዲህ የሚቀብረው ሁለት ሰው፣ ያለው ደግሞ አንድ ሳጥን ነው። ይህን አላነሳም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ ዓመት በተከበረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊቀመንበር ቲየን እንደገና መጣ። አሁን ሸብቷል። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ይህም ጥሩ ምልክት አልነበረም። እናቱ የምታኝከውን፣ ምራቅ የሚያቀላውን የቤተል ቅጠል በኖራ እየቀባች ነበር።

«ተቀመጥ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። ለጦሩ ሩዝ የሚጭኑ ጋሪዎች መሥራት አለብን። በሩም፣ አልጋውም፣ የመቅደሱ ጠረጴዛም ተሰጥቷል። እንጨት አለቀ።»

«የኔ በር ቀርከሃ ነው።»

«ስለ በሩ አይደለም የመጣሁት።»

ቅጠሉን አፏ ውስጥ ከተተች። ቲየን ወደ ሳጥኑ ላለማየት ሲል ኮይን ያያል፤ ኮይም ላለመታየት ሲል የሚጠግነውን መረብ ያያል።

«የልጄ ነው» አለች። «ሲመጣ የሚገባበት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህና መጣህ።»

«አውቃለሁና ከሁሉ መጨረሻ መጣሁ።»

ቅጠሉን አኘከች። ከዚያ «ጋሪዎቹ የሚሄዱት ወዴት ነው?» አለች።

«ቦታውን አልነገሩንም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ላኦስ ተራሮች ነው።»

«ሉክ ያለው በዚያ በኩል ነው?»

ኮይ ቀና አለ። ሊቀመንበሩ አዎ ይላል ብሎ ጠበቀ፤ እሱ ራሱ ቢሆን አዎ ይል ነበር። ቲየን ወለሉን እያየ «አይደለም፣ እማማ» አለ። «እሱ ሰሜን ነው። ይህ መንገድ ወደዚያ አይደርስም።»

እናቱ ቀዩን ምራቅ ጣሳ ውስጥ ተፋች።

«አዎ ብትለኝ ኖሮ በዚህ ጣሳ እመታህ ነበር» አለችው። «ውሰደው። ግን በውሰት ነው። መጋዝ እንዳይነካው፣ ምስማር እንዳይመታበት። ኮይ ነው የሚገፋው፤ እሱው ይመልስልኛል።»

ከውስጡ ሸሚዙን አወጣችና ትራሷ ሥር አደረገችው።

አናጺው ሳንቃዎቹን ሳይቆርጥ ጋሪ ሥራ ሲባል ጭንቅላቱን ያዘ። በመጨረሻ ሳጥኑን ፈታትቶ ሳንቃዎቹን እንዳሉ በሐረግ አሰራቸው፤ ከፊት የእንጨት ጎማ፣ ከኋላ ሁለት እጀታ አደረገላቸው። በአውራጃው እንደዚያ የረዘመ ጋሪ አልታየም። ጆንያ በብዛት ይጭናል፤ ጥምዝ መንገድ ላይ ግን አይዞርም። ስለዚህ ከፊት በገመድ የሚጎትት፣ ጥምዙ ላይም አፍንጫውን አንስቶ የሚያዞር ሰው ያስፈልገው ነበር። ለኮይ የተሰጠው ሳንግ የሚባል፣ ከወንዙ ማዶ የመጣ፣ አገጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ቀጭን ሰው ነው። ጋሪውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ጋሼ ኮይ፣ ይሄ ነገር የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ከውስጡ አውጥተህ ነው የመጣኸው?»

ኮይ አልመለሰም። መንገዱን ሁሉ እንደዚህ እንደሚሆን ገባው።

እንደዚያም ሆነ። የፈረንሳዮቹ አውሮፕላኖች ቀን ቀን ሰማዩን ስለያዙ የሚጓዙት ሲመሽ ነው፤ ቀን ጫካ ውስጥ ይተኛሉ። ጉዞው ዳገት ነው፤ ከዳገቱ በኋላም ሌላ ዳገት። ሌሎቹ ገፊዎች ከቀዩ ጋሪ ኋላ መሄድ አልወደዱም፤ ገዱ አያምርም አሉ። ስለዚህ ኮይና ሳንግ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኑ። ከሌላ አውራጃ የመጡ ሰዎች ሲያገኟቸው ቆም ብለው «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ይላሉ።

«እናቱ ናት» ይላል ሳንግ ገመዱን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «ደህና ናት። ሰላም ብላችኋለች።»

አንድ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ኮይን ከገደሉ አፍ አደረሰው። ሳንግ ገመዱን ግንድ ላይ ጠምጥሞ ያዘ፤ መዳፉ ተላጠ።

«ልቀቀው!» አለ ኮይ።

«ብለቀው እናትህን ምን እላታለሁ? ግፋ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ኮይ አልፎ አልፎ ይመልስለት ጀመር።

«አንተስ፣ እናት አለህ?» አለው አንድ ጠዋት፣ ጫካ ውስጥ ጋደም ብለው ሳለ።

«አለች። የኔ ጥፋት ሁሉ ይታያታል። ስወጣ እግሯን መታጠብ እንኳ አላቋረጠችም፤ ‹ጨው ይዘሃል?› አለችኝ።»

«ይዘህ ነበር?»

«ረስቼ ነበር። እሷ አታውቅም ብለህ ነው?»

ሩዙን ጫካ ውስጥ ባለ ማከማቻ አራገፉ፤ ተመልሰው ከበስተኋላ ካለው ማከማቻ ሌላ ጫኑ፤ እንደገና ወጡ። ውጊያው ያለበትን ቦታ ስም በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ አውቆታል፤ ዲየን ቢየን ፉ ይባላል። እነሱ ግን አላዩትም። ከተራራው ማዶ መድፉ ሲጮህ ብቻ ይሰማሉ፤ መሬቱ በጫማ ሥር ይንቀጠቀጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቆመ። ጆንያ የሚያራግፉት ሁሉ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቀጥ አሉ።

«አለቀ እንዴ?» አለ ኮይ።

«ፈረንሳዮቹ ምሳ እየበሉ ይሆናል» አለ ሳንግ።

ቆይቶ አንድ መልእክተኛ በብስክሌት እየጮኸ ደረሰ። ፈረንሳዮቹ ነጭ ጨርቅ አውጥተዋል፤ አዛዡ ከነመኮንኖቹ ተይዟል። ሰው ተቃቀፈ፣ አለቀሰ፣ ድስት ደበደበ። ኮይ ጋሪው ላይ ተቀመጠ። ስለ ሉክ ማሰብ እንደሚገባው ተሰማው፤ ያሰበው ግን ሐረጉ እንደላላ ነው። ተነስቶ አጠበቀው።

ሳንግን ትኩሳቱ የያዘው ሲመለሱ ነው። መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ ከዚያ መሄድ አቃተው። አሁን አውሮፕላን የለምና ጉዞው በቀን ሆኗል። ኮይ ባዶው ጋሪ ላይ ቅጠል አንጥፎ አስተኛው።

«ጋሼ ኮይ» አለ ሳንግ ጥርሱ እየተፋጨ፣ «ሰው ሲጠይቅ ምን ትላለህ?»

«ማንን?»

«ማን ሞቶብህ ነው ሲሉህ።»

«ዝም በልና ተኛ።»

«እናትህን ምቾቱ ጥሩ ነው በላት። ጀርባ ላይ ትንሽ ይጠነክራል።»

የጋሪ ገፊዎቹ መሪ ኪኒን ነበረው፤ ሰጠው፤ አልሠራም። ሳንግ ሁለት መንደር ካለፉ በኋላ ቁልቁለት ላይ ሞተ። ኮይ ያወቀው ጋሪው ሲንገጫገጭ ስድቡ ስላልመጣ ነው።

ከመንገዱ ዳር ደረቅ ቦታ መርጠው ጉድጓድ ቆፈሩ። መሪው ምንጣፍ አመጣ። የሞተው ሁሉ እንደዚያ ነው የተቀበረው፤ ወታደሩም፣ ተሸካሚውም። ኮይ ሳንግን ከጋሪው አውርዶ ምንጣፉ ላይ አጋደመው፣ አንዱን ጠርዝ አለበሰው፣ ሌላውን ጠርዝ ያዘ። ከዚያ ቆመ። የአባቱ ቃል ትዝ አለው። እናቱ አርጅታለች፤ ነገ ልትሞት ትችላለች። ሳንቃዎቹ የሷ ናቸው፤ ከሷም አልፎ የሉክ ናቸው፤ የሱ አይደሉም። ሊሰጣቸው መብት የለውም። ይህን ሁሉ ደጋግሞ አሰበው፤ ስህተት አላገኘበትም።

ቢላውን አወጣና ሐረጉን መቁረጥ ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ መሪው።

«የሚገጥም ነው። ሳይቆረጥ ነው የታሰረው።»

«እናትህን ምን ልትላት ነው?»

«አላውቅም። በዚያኛው በኩል ያዝልኝ።»

ሳጥኑ እንደ መጀመሪያው ገጠመ። ቀይ ቀለሙ ተፋፍቋል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነበር። ሳንግን አስገቡት፣ ዘጉት፣ አወረዱት። ኮይ የተረፈውን የእንጨት ጎማና ሁለቱን እጀታዎች ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

እናቱ አልሞተችም። በር ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። እጁን አየች፣ ትከሻውን አየች፣ ከኋላውም አየች።

«ሳንቃዎቹስ?»

ኮይ ጎማውን አስቀመጠ። ነገራት። ማሳጠር ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን እየጠየቀች አስረዘመችው። ኛይ ውሃ ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«ጉድጓዱ ጥልቅ ነው?»

«ጥልቅ ነው።»

«ውሃ አይወርድበትም?»

«ከፍ ያለ ቦታ ነው።»

«እሱ ረጅም ሰው ነው?»

«ትንሽ ረዘም ይላል። ጉልበቱን አጠፍ አድርገነዋል።»

«ብዙ?»

«ትንሽ።»

ባቄላውን ቀጠለች። ኮይ ስድብ ጠበቀ፤ ለስድቡም ዝግጁ ነበር። ስትጨርስ ልጣጩን ከጭኗ ላይ አራገፈችና ከትራሷ ሥር የሉክን ሸሚዝ አውጥታ፣ እንደገና በሥርዓት አጥፋ፣ ከሙታን ምግብ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «ነገ ወንዙን ታሻግረኛለህ» አለችው። ከገበያው ርቃ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል።

የሳንግ እናት ከወንዙ ማዶ፣ ከዳክዬ ኩሬ አጠገብ ባለች ጎጆ ትኖር ነበር። ወሬው ቀድሟቸዋል፤ ነጭ ጨርቅ አስራለች። ኮይ ከእጇ ሻይ ተቀብሎ አፈሩን እያየ፣ ልጇ ሳይሰቃይ እንደሞተ፣ በደህና እንጨት እንደተቀበረ ተናገረ።

«በእንጨት?» አለች ሴትየዋ።

«በሳንቃ። ክዳንም አለው።»

«ተወኝ፣ ልጄ። ለሁሉም እናት እንደዚህ ነው የሚሉት። የጎረቤቴንም ልጅ በሳንቃ ነው አሉ፤ የዚያኛውንም በሳንቃ ነው አሉ። ያ ሁሉ ሳንቃ ተራራው ላይ ከየት መጣ? በምንጣፍ ነው በለኝ፤ እችለዋለሁ።»

ኮይ የሻይ ስኒውን መሬት ላይ አኖረ። እውነቱን ተናግሮ ፊቱ የውሸታም ፊት ሆነበት።

«የኔ ነው» አለች እናቱ።

ሴትየዋ ዞራ አየቻት።

«ሳንቃው የኔ ነው። ቀይ ነው። ልቡ ቢጫ እንጨት ነው፣ ምስጥ አይበላውም። ተኝቼበት አውቀዋለሁ፤ ነፋስ አያስገባም። ልጅሽ ረዘም ስለሚል ጉልበቱን ትንሽ አጥፈውታል፤ ለሱ ይቅርታ።»

 የሳንግ እናት እጅ ወደ ነጩ ጨርቅ ሄዶ ተመለሰ።

«ከትንሽነቱም ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚተኛው» አለች በመጨረሻ። ትንሽ ቆይታም፣ «አንቺስ ታዲያ? በምን ልትሆኚ ነው?» አለች።

«እኔ ገና ነኝ» አለች እናቱ።

ሴትየዋ የቤተሉን ሳህን አንስታ በመካከላቸው አኖረችው። ሁለቱም አንዳንድ ቅጠል ወሰዱ። ኮይ ተነስቶ ዳክዬዎቹን ከጎመኑ ውስጥ ሊያስወጣ ወደ ግቢው ወጣ።